የእስቲ ልየው የጭነት መኪና

በመኪና መለዋወጫ ሱቆቹ ረድፍ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም «እስቲ ልየው» ነው የሚላት። ዕቃ ሊመልስ የመጣውንም፣ በዱቤ ስጪኝ የሚለውንም፣ «ሚስቴ ታማብኝ ነው» ብሎ ዋጋ የሚያስቀንሰውንም ገና አፉን ሳይዘጋ «እስቲ ልየው» ትለዋለች። ዕቃውን ይሁን፣ ወረቀቱን ይሁን፣ ወይስ የታመመችውን ሚስት፣ ለይታ አትናገርም።

አይፈረድባትም። አዲስ የዘይት ማጣሪያ ገዝቶ ይሄድና፣ ከመኪናው የፈታውን አሮጌ አጥቦ በዚያው ካርቶን ከትቶ «የተበላሸ ነው የሸጥሽልኝ» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ ስታይ የኖረች ሴት ናት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ሱቋ ግድግዳ ላይ አልጻፈችውም እንጂ ልቧ ላይ ከጻፈችው ቆይታለች።

በዚህ ዓለም ላይ ሳትጠረጥር የምታየው አንድ ሰው ቢኖር ታላቅ ወንድሟ ነው። አባታቸው የሞተባቸው እሷ ገና ፊደል ስትቆጥር ነበር። ወንድሟ ትምህርቱን ትቶ የሰው መኪና መንዳት ጀመረ፤ በሰው መሪ አሳደጋት፣ በሰው መሪ አስተማራት፣ ሱቁንም ያስከፈታት እሱ ነው። «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች። የእሱ ቃል ለእሷ እንደ አባት ቃል ነው። እሱም በበኩሉ ሰው ሁሉ ጥሩ የሚመስለው፣ ከተሰረቀ በኋላ እንኳ «ቸግሮት ይሆናል» የሚል ገራገር ነው። ጎረቤቶቻቸው «የአንዷን ጥርጣሬ ለሁለት ቢካፈሉት ሁለት ጤነኛ ሰው ይወጣቸዋል» እያሉ ይስቃሉ።

እህትና ወንድም የልጅነት ምኞታቸው የራሳቸው መኪና ነበር። አንድ የዱቄት ፋብሪካ ያገለገለ የጭነት መኪናውን በጨረታ ሲያወጣ፣ እሷ ከሱቁ እሱ ከደመወዙ ያጠራቀሙትን ገጥመው ገዙት። ወንድም ጋሼ መኪናውን እየነዳ ሰፈር ያስገባው ዕለት ከጋቢናው ለመውረድ ልቡ እምቢ ብሎት ነበር። እሷ ግን ከጎማው ስር ተንበርክካ ዘይት ያንጠባጥብ እንደሆነ ታያለች።

ችግሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ፋብሪካዎቹ ባለ አንድ መኪና ሰው አያናግሩም፤ «በአጓጓዥ ድርጅት ስር ግቢና ነይ» ይሏታል። አጓጓዦቹ «መጀመሪያ ኢንሹራንስሽን አምጪ» ይሏታል። ኢንሹራንሶቹ ደግሞ «ምን ልትጭኚ? በማን ስር?» እያሉ ወደ አጓጓዦቹ ይመልሷታል። መኪናው ደጃፍ ቆሞ አቧራ ሲለብስ፣ እሷ ከቢሮ ቢሮ ስትዞር ጫማዋ ሶሉ አለቀ።

በዚህ መሃል አንድ የኢንሹራንስ ወኪል ሱቋ ድረስ መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሳቁ ከጆሮ እስከ ጆሮ።

«ሙሉ ሽፋን ነው፣ እትዬ። ዋጋው ደግሞ ከሁሉም ያነሰ። ዓይንዎን ጨፍነው ይፈርሙ!» አላት።

«ዓይኔን የምጨፍነው ስተኛ ብቻ ነው። እስቲ ልየው» አለችና ወረቀቱን ተቀበለችው። «ጭነቱ ቢቃጠልስ?»

«ኧረ እግዜር አያምጣው!»

«መኪናው ቢገለበጥስ?»

«በጠዋቱ ምን ክፉ ክፉውን ያስወራዎታል፣ እትዬ? እግዜር አያምጣው እንጂ!»

«እግዜር ካላመጣውማ ያንተ ወረቀት ምን ይሠራልኛል?»

ወኪሉ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ወረቀቱን ይዛ ቀጥ ብላ ወደ ኢንሹራንሱ ቢሮ ሄደች። እዚያ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አንዲት ሠራተኛ ተቀበለቻት። መነጽሯን አድርጋ አነበበች፣ አወለቀች፣ እንደገና አድርጋ አነበበች።

«ይሄኮ የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው» አለቻት። «መኪናሽ ሰው ላይ ጉዳት ቢያደርስ ለተጎዳው ይከፍላል። ለራስሽ መኪናም ለጭነቱም አንዲት ነገር የለውም። ማን ነው ሙሉ ሽፋን ያለሽ?»

እስቲ ልየው ከዚያ ቢሮ ስትወጣ ግማሽ ልቧ ተናዶ ግማሽ ልቧ ኮርቶ ነበር። «አላልኩም?» አለችው ማታ ለወንድሟ። «ሰው እንዲህ ነው።» በሷ ቤት የዓለምን ተንኮል አንድ ጊዜ ቀድማ ስለያዘች፣ ከእንግዲህ የሚያመልጣት አልመሰላትም።

ባለ መነጽሯን ግን ቢያንስ እውነቱን ስለነገረቻት ያዘቻት። ሴትዮዋም ለሙሉ ሽፋን የሚያስፈልገውን ነገረቻት፤ የመኪናው የቴክኒክ ምርመራ፣ ከአጓጓዥ ጋር የመሥራት ስምምነት፣ የሹፌሩ የጤና ምርመራ፣ «በተለይ የዓይን» ብላ።

«ለምንድነው በተለይ የዓይን?» አለች እስቲ ልየው።

«ሹፌር በምኑ ነው የሚነዳው፣ እህቴ? በጆሮው?»

መልሱ ባይጥማትም ወረቀቷ ላይ ጻፈችው።

አጓጓዥ ፍለጋው ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። አንደኛው ሊብሬው እሱ ዘንድ ይቀመጥ አለ። ሌላው የገቢውን እኩሌታ ካልሰጠሽኝ አለ። ሦስተኛው ቢሮው ውስጥ ከወንበር በቀር ምንም አልነበረውም፤ እሷ ገና «መኪኖችህ የት አሉ?» ስትለው ስልክ ተደውሎልኛል ብሎ ወጥቶ ቀረ። በመጨረሻ ሰው አባ ቀስ ዘንድ ላካት።

አባ ቀስ በዕድሜ የገፉ፣ ቀጭን፣ ጥቂት መኪኖችና አንድ ሰፊ ግቢ ያላቸው አጓጓዥ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ሹፌሮቻቸውን ሁሉ «ቀስ» እያሉ ስለሚሸኙ ነው፤ ሲናገሩም፣ ሲራመዱም ቀስ ነው። እሷን ቁጭ አድርገው አነጋገሯት። ሊብሬ አልጠየቁም። ድርሻቸውም ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰ ነበር። የሲሚንቶ ጭነት እንዳላቸው፣ ከእሳቸው መኪኖች ኋላ ተሰልፋ እንደምትጭን ነገሯት።

እስቲ ልየው እንዲህ ያለ ደግነት አይታ አታውቅም፤ ስለዚህ አልወደደችውም። «በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚለው ግጥም በጆሮዋ ያንቃጭልባት ጀመር።

«መቼ እንፈራረም፣ አባቴ?» አለቻቸው።

«ቀስ። መጀመሪያ መኪናውን ልየው። ማነው የሚነዳው?»

«ወንድሜ።»

«እሱም ይምጣ» አሉ።

ወንድም ጋሼ መኪናውን ይዞ መጣ። አባ ቀስ ከበሩ ዳር ቆመው ሲገባ አዩት፤ ከዚያ «እስቲ ውጣና ደግሞ ግባ» አሉት። ወጥቶ ገባ። ሞተሩን አላስነሱ፣ ሰነዱን አልጠየቁ፤ በመኪናው ቀኝ በኩል ብቻ ቀስ እያሉ ሄዱ። ከጎማው በላይ ፓራፋንጎው ላይ ያለውን ጭረት በጣታቸው ዳሰሱት። ስፖኪዮውን አዩት። «ይህ ጭረት ስትገዙት ነበረ?» አሉ። ወንድም ጋሼ ቀድሞ «ነበረ» አለ። እሷ ትዝ አላላትም፤ ወንድሟ ካለ ግን ነበረ ማለት ነው።

በሌላ ቀን ጠሩአቸው። ያን ቀን ከበሩ በቀኝ በኩል ባዶ በርሜል ቆሞ ነበር። ወንድም ጋሼ ሲገባ በርሜሉን ነክቶ አንከባለለው። «ማነው እዚህ በርሜል የሚያቆም?» ብሎ ተቆጣ። አባ ቀስ በርሜሉን ራሳቸው አቃንተው አቆሙትና «ማነው የሚነዳው ያልሽኝ?» ብለው እሷን እንደገና ጠየቋት።

«ወንድሜ ነው አልኩዎት'ኮ!»

«እሱ ብቻ?»

«እሱ ብቻ!»

«እሺ። ትንሽ ቆዩኝ» አሉ።

በዚያ ሰሞን ደግሞ አንድ ሰው ሱቋ መጥቶ የነዳጅ ማጣሪያ ገዛ፣ በማግስቱም «አልሆነኝም» ብሎ መለሰ። ከፍታ ብታየው ዕቃው አልተነካም፤ ማሸጊያው እንዳለ ነው። ገንዘቡን መለሰችለት፤ ሰውየው ግን ሲሄድ ዞር ብሎ አያት። አዲስ ዕቃ በአዲስነቱ የሚመልስ አታላይ ገጥሟት ስለማያውቅ ሌሊቱን ስታስበው አደረች። ይሄ ሰው ምን ፈልጎ ነው? ማን ልኮት ነው?

ደመደመች። አባ ቀስ የራሳቸውን ሹፌር ሊያስገቡባት ነው። ወንድሟን በሆነ ሰበብ አስወርደው፣ የራሳቸውን ሰው መሪ ላይ አውጥተው፣ ከዚያ መኪናው የማን እንደሆነ እንኳ ይጠፋባታል። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» አለች ለራሷ። «እኔ ደጃፍ ግን አይቆረጥም።»

ከአባ ቀስ ግቢ ፊት ለፊት አንድ ጎሚስታ አለ። እስቲ ልየው የመኪናውን ስኮርታ ጎማ በጋሪ አስጭና ሄደች፤ ሰበብ እንዲሆናት በገዛ እጇ አስተንፍሳው ነበር። ጎሚስታው ጎማውን ውሃ ውስጥ ነክሮ እያገላበጠ፣ እሷ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ የግቢውን በር ስታይ ቆየች።

«እኚህ ሽማግሌ እንዴት ናቸው?» አለችው እንደዋዛ።

«ደህና ናቸው፤ ሳል አለባቸው።»

«ማለቴ፣ ሰው እንዴት ይይዛሉ?»

ጎሚስታው ጎማውን ከውሃው አወጣና አስቀመጠው። «እትዬ፣ ይሄ ጎማ አልተበሳም። ቀስ ብሎም አልተነፈሰም። ሰው ነው ያስተነፈሰው» አለና ፈገግ አለ። «ቀጥታ ብትጠይቂኝ'ኮ ነፃ ነበር። አሁን የንፋስ መሙያ ትከፍያለሽ።»

እሷም አፍራ ሳቀች። «እሺ፣ ቀጥታ ልጠይቅህ። ሰው ያታልላሉ?»

«ሲያታልሉ አላየሁም። ሰው ግን ያያሉ። እንዳንቺው።» ንፋሱን እየሞላ ጨመረ፤ «ሹፌር ሲቀጥሩም ሆነ ሰው ሲያስጠጉ ወር ያያሉ። ከዚያ ወይ እሺ ይላሉ፣ ወይ ዝም ብለው ይተዋሉ። ለምን ብትያቸው አይነግሩሽም።»

ጎማዋን አስጭና ስትመለስ ጥርጣሬዋ አልቀነሰም። እንዲያውም «የማይነግሩት ነገር ምንድነው?» የሚል አዲስ ጥርጣሬ ጨመረችበት።

ቤት ስትደርስ ወንድም ጋሼን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘችው። «የዓይን ምርመራው ወረቀትስ?» አለችው። ባለ መነጽሯ ደጋግማ ጠይቃታለች።

«የክሊኒኩ ማሽን ተበላሽቷል አሉኝ» አላት።

«ባለፈውም ተበላሽቷል አልከኝ'ኮ።»

«አልሠሩትማ! ምን ላድርግ፣ እታለም?»

ደሟ ፈላ፤ በወንድሟ ሳይሆን በክሊኒኩ። ጉቦ ፈልገው ነው፤ ገራገር መሆኑን አይተው ነው የሚያመላልሱት። በማግስቱ ሱቋን ቆልፋ ክሊኒኩ ድረስ ሄደች። ገና ከበሩ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ይሄ ማሽናችሁ የሚሠራው ስንት ሲሰጡት ነው?» አለች።

የዓይን ክፍሏ ነርስ ግራ ገብቷት ወጣች። «የምን ማሽን?»

«የዓይን መመርመሪያው! ወንድሜን ተበላሽቷል እያላችሁ የምታመላልሱት!»

«እዚህ የተበላሸ ማሽን የለም፣ እናቴ። ስሙን ንገሪኝ» አለች ነርሷ። ነገረቻት። ነርሷ ትንሽ አሰበችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ የሹፌር ኮፍያ የሚያደርግ? ሁለቴ መጥቷል። ወረፋ ይይዛል፤ ተራው ሲደርስ ይወጣል።»

እስቲ ልየው ጠጋ አለች። ነርሷን አየቻት። ነርሷ እንደማትዋሽ በሱቅ የኖረ ዓይኗ ነገራት፤ ምነው በዋሸች ብላ ተመኘች። ወጥታ መንገድ ዳር ቆመች። ጭረቱ፣ በርሜሉ፣ «ማነው የሚነዳው» የሚለው ጥያቄ፣ ሁሉም ተራ በተራ መጡባት። ይሁንና የወንድሟን ነገር በሰው አፍ ልታምን አልፈለገችም። ራሷ ካላየችው።

ወንድም ጋሼን መኪናውን ሰፈር አቁሞ መስታወቱን ሲወለውል አገኘችው። ጋቢና ወጥታ እንደወትሮዋ በቀኙ ተቀመጠች። እሱም ገብቶ መሪው ላይ ተቀመጠ፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ጎረቤቱ ግንብ ፊት ለፊት እያየ ያወራላታል። የውሃ ጠርሙሷን አወጣችና ምንም ሳትናገር ዘረጋችለት፤ ከፊቱ በቀኝ ጎን፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት። አልተቀበላትም። ወሬውን ቀጠለ። እጇን ትንሽ አወዛወዘችው። አላየም። ሰውን ሁሉ ስትፈትን የኖረች ሴት እንዲህ የከበዳት ፈተና አልነበረም።

«ወንድም ጋሼ» አለች።

ሙሉ ፊቱን አዞረ። ጠርሙሱን አየ፤ ከዚያ የእሷን ፊት አየ። ገባው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«መጀመሪያ እንደ ጭጋግ ነበር» አለ። «ያልፋል ብዬ ነበር። ግራው ደህና ነው፣ እታለም። በግራው አያለሁ'ኮ።»

«ሰው ብትገጭስ? ልጅ ብትገጭስ?»

እጆቹ መሪው ላይ እንዳሉ ቀሩ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መኪናውን የገዛሽው እኔ እንድነዳው ነው። አልነዳም ብዬ ምን ልበልሽ? ደግሞ አንቺ» አለና ኮፍያውን አወለቀ፤ «አንቺ ማንንም አታምኚ። እኔን ብቻ ነው። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

ልትቆጣው አፏን ከፈተች፤ የመጣላት ግን ለቅሶ ነው። እሱም እሷ ስታለቅስ አይቶ ዝም ማለት አልለመደበትምና፣ ልጅ ሳለች እንደሚያደርገው ጭንቅላቷን በመዳፉ ነካ ነካ አደረጋት።

ንዴቷ የተነሳው ወደ አባ ቀስ ግቢ ስትሄድ ነው። ሽማግሌው በር ላይ ሸራ እያሳጠፉ ነበር።

«ያውቁ ነበር!» አለቻቸው ሰላም እንኳ ሳትል።

«ጠርጥሬ ነበር። መጠርጠርና ማወቅ ለየቅል ነው፣ ልጄ።»

«ለምን ታዲያ አልነገሩኝም?»

«ቀስ» አሉ፣ ወንበር እየሳቡላት። «ባይሆንስ? ዕድሜ ልኩን የነዳን ሰው በእህቱ ፊት ዓይንህ አያይም ልበለው? ደግሞም እያወቅሽ የምትደብቂ መስሎኝ ነበር። ማነው የሚነዳው ባልኩ ቁጥር ቀድመሽ የምትመልሺ አንቺ ነሽ።»

«እኔ? እኔ ነኝ የምደብቀው?»

«ምን አውቃለሁ? የመለዋወጫ ነጋዴ ነሽ። ሰው ልኬ ማጣሪያ ገዝቶ እንዲመልስልሽ አድርጌያለሁ፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንሽ ልይ ብዬ።»

ሌሊት እንቅልፍ የነሳት አታላይ የእኚህ ሽማግሌ መልእክተኛ ነበር! «እኔ ደግሞ ደህና ጎማ አስተንፍሼ ጎሚስታው ዘንድ ስሰልልዎት ነበር» አለች ሳታስበው።

«ነግሮኛል» አሉ አባ ቀስ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየቻቸው፤ ሳቁ በሳል አለቀ።

እሷ ግን ገና አልጨረሰችም። «ድርሻዎት ለምን አነሰ? ይቺንም ይንገሩኝ። በነፃ ደግ የሚሆን ሰው አላውቅም።»

ሽማግሌው ወደ መሬት አዩ። «ፋብሪካው አንድ መኪና ካልጨመርክ ጭነቱን ለሌላ እሰጣለሁ ብሎኛል» አሉ። «ቸግሮኝ ነው። ብነግርሽ ዋጋ ትቆልዪብኛለሽ ብዬ ነው።»

«እቆልል ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» ይላል የአገሬው ሰው፤ ያን ቀን ሁለቱ በዚያ ግቢ ተያዩ። ከዚያ የተስማሙት ጥቂት ነገር ነው። ወንድም ጋሼ ከመሪ ይወርዳል፤ አዲሱን ሹፌር የምትመርጠው እሷ ናት እንጂ አባ ቀስ አይደሉም፤ ለባለ መነጽሯም እውነቱ ይነገራታል።

ወንድሟን ዓይን ሐኪም ዘንድ ራሷ ወሰደችው። የዓይን ግፊት ነው፣ የቀኙ አልፎበታል፣ ግራውን ግን ጠብታ በየቀኑ ካደረገ ይተርፍለታል አሉት። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ሁለቱም ይሄዱ ነበር ሲሉ ሰማች። ባለ መነጽሯም ጉዳዩን ስትሰማ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው። «ደብቃችሁ ብትፈርሙና አደጋ ቢደርስ አንዲት ነገር አንከፍላችሁም ነበር» አለች፤ ከዚያ ሙሉ ሽፋኑን በአዲሱ ሹፌር ስም አዘጋጀችላት። እስቲ ልየው ከመፈረሟ በፊት እያንዳንዱን ገጽ አነበበች። ከኋላዋ ወረፋ የያዘው ሰው ወንበር ለመነ።

ሹፌር መምረጡን ለወንድሟ ተወችለት፤ እሱ ደግሞ ሰው ሁሉ ጥሩ የሚመስለው ሰው፣ በዚህ ጉዳይ ጨካኝ ሆነ። የመጣውን ሁሉ አባረረ። አንዱን ማርሽ ሲያስገባ አስጮኸው ብሎ፣ አንዱን ፍሬን ይወዳል ብሎ። በመጨረሻ የተቀበለው አንድ ዝምተኛ ጎልማሳ ነው፤ እሱንም አባ ቀስ በርሜላቸውን አቁመው አዩት።

የመጀመሪያው ጭነት የወጣ ዕለት እስቲ ልየው ፋብሪካው በር ላይ ቆማ የሲሚንቶውን ከረጢት ስትቆጥር፣ አባ ቀስ በሌላ በኩል ቆመው ይቆጥሩ ነበር። አንዳቸው የሌላውን ቁጥር አላመኑም፤ ደግመው ቆጠሩ፤ ገጠመ። መኪናው ሸራውን ታስሮ ሲወጣ ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው «ቀስ!» አሉት። ወንድም ጋሼ አልመጣም። መኪናው በሌላ ሰው እጅ ሲሄድ ማየት አልችልም ብሎ ሱቁን ሊጠብቅላት ቀርቷል።

ወደ ማታ ተመለሰች። ወንድሟ ከባንኮኒው ኋላ ደስ ብሎት ተቀምጧል።

«ገበያ እንዴት ዋለ?»

«ጥሩ ነው። አንድ ሰው የፍሬን ሸራ ወስዷል። ነገ ያመጣል።»

«በዱቤ? ማነው ሰውየው?»

«ስሙን አልጠየቅኩትም። ግን ጥሩ ሰው ነው፣ ፊቱ ያስታውቃል!»

እስቲ ልየው ቦርሳዋን ጣል አደረገች። ሳታስበው በቀኙ ልትቀመጥ ነበር፤ ከዚያ ወንበሩን አንስታ ወደ ግራው ዞረችና እሱ ፊቷን እያየ ትቆጣው ጀመር።